በመሬት ውስጥ ያለው ክንድ

ሰው ሠርቶ ማሳየትን ይወዳል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ማንም ቢሆን የደከመበት ሥራ ታይቶለት «አበጀህ» ቢባል ደስ ይለዋል። ነገር ግን በማናቸውም ሥራ ዘንድ የሚታይና የማይታይ ክፍል አለ። የቤት ግድግዳው ይታያል፤ መሠረቱ አይታይም። የልብስ ፊቱ ይታያል፤ የውስጥ ስፌቱ አይታይም። የሚታየውን የምንሠራው ለተመልካች እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የማይታየውንስ የምንሠራው ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ እኔ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ያገኘሁት በገዛ እጄ ቆፍሬ ካቆምኋቸው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ነው። ትምህርቱም በነፃ አልተሰጠኝም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እኔ ሳልሆን አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ነገሩን ከነነውሬ እንደ ሆነ አድርጌ እነግርሃለሁ። ብትታዘበኝ አልቀየምህም፤ ታዝበኸኝ ሳትማርበት ብትቀር ግን አዝናለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከአያቴ ጋር በአቃቂ እንኖር ነበር። በዚያ ሐምሌ የአትላንታ ኦሎምፒክ ይካሄድ ስለ ነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ያመሽ ነበር። የተሰበሰብነውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፥ ፋጡማ ሮባም በማራቶን ሲሮጡ ለማየት ነው። ሁለቱም ወርቅ አመጡ፤ እልልታውም ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። እኔ ግን ከዚያ ሰሞን በልቤ ይዤ የቀረሁት ሌላ ሥዕል ነበር። ዩሪ ኬኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ከላይ በተንጠለጠሉ ሁለት ቀለበቶች ላይ ወጥቶ፥ ክንዶቹን ግራና ቀኝ እንደ መስቀል ዘርግቶ፥ አንዳች ሳይነቃነቅ በአየር ላይ ቆመ። እርሱም በቀለበት ወርቅ አሸነፈ። ይህ ሰው ከአራት ዓመት በፊት ለባርሴሎና ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ከውድድሩ ቀርቶ እንደ ነበር የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ስለ ጅማቱም ስለ አራቱ ዓመትም የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ያየሁት ክንዶቹን ብቻ ነው። እኔም እንደዚያ ልሁን አልሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ቀለበቱ ጥቂት ልናገር። የውድድር ቀለበት ከእንጨት የሚሠራ ሲሆን የውስጡ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱም 28 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ቀለበቶች በ50 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፥ ከወለሉ 2 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይንጠለጠላሉ። በአቴና በ1896 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክም ቀለበት ከውድድሮቹ አንዱ ነበር፤ ያሸነፈውም ግሪካዊው ዮአኒስ ሚትሮፑሎስ ነው። ይህ የጂምናስቲክ ትምህርት ጥንት ሲጀመር አዳራሽና ውድ መሣሪያ አልነበረውም። ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1811 በበርሊን ዳር በሐሰንሃይደ ሜዳ ላይ እንጨት አቁሞ ወጣቶችን በአደባባይ ያሠለጥን ነበር። እንግዲህ ሜዳና እንጨት ያለው ሰው ሁሉ መጀመር ይችላል ማለት ነው። ሜዳው የአያቴ ግቢ ነበር፤ እንጨቱም በአገራችን የማይጠፋው ባሕር ዛፍ።

ቀለበቶቹን ለማበጀት ዘጠኝ ቀን ፈጀሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ ቁራጭ ፌሮ ገዛሁ፤ በያጅ ዘንድ ወስጄ ክብ አስደርጌ አስበየድሁት። የብየዳውን እብጠት እጅ እንዳይቧጥጥ በሞረድ ሦስት ቀን ሙሉ አለሰለስሁት። ከዚያም የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቀድጄ ጠመጠምሁበት፥ በላዩም ጨርቅ ደረብሁበት፥ ክሩንም በመርፌ ሰፋሁት። ለማንጠልጠያ የጭነት መኪና ማሰሪያ ቀበቶ አገኘሁ። ጓደኞቼ ቀለበቶቹን እየተቀባበሉ ሲያደንቁ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ግንዶቹን ያቆምሁት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ወሩ መስከረም ነበር። የአቃቂ መሬት ጥቁር አፈር ስለ ሆነ ክረምቱን ጠጥቶ ሲያብጥ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ለመቆፈር ምቹ ነው። ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆኑ ሁለት አጣናዎች ገዛሁ፤ በዚያው ሳምንት የተቆረጡ፥ ቅርፊታቸው ያልተላጠ፥ ውሃቸው ያልደረቀ ነበሩ። ጉድጓዶቹን አንድ አንድ ክንድ፥ ማለት ግማሽ ሜትር ያህል ቆፈርሁና ወገቤን ሲያመኝ ቆምሁ። ትንሽ ማጥለቅ እንዳለብኝ ልቤ ነግሮኛል። ነገር ግን «ከመሬት በታች ያለውን ማን ያየዋል?» አልሁ። እነዚህን ቃላት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገሬን አስታውሳለሁ። ግንዶቹን ከትቼ ያንኑ ጭቃ መልሼ በእግሬ ረገጥሁት፤ ከላይ አግዳሚውን እንጨት በሽቦ አሰርሁ፤ ቀለበቶቹን ሰቀልሁ፤ ፀሐይም ሳትጠልቅ ተንጠለጠልሁ። ያዘኝ። ስለ ያዘኝም የበቃ መሰለኝ።

እንዲህ ሆኖ ጥቅምትና ኅዳር አለፉ። መጀመሪያ ዝም ብሎ መንጠልጠል፥ ቀጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ፥ ቀጥሎም በቀለበቶቹ ላይ ክንድ አቅንቶ መቆም ተለማመድሁ። ቀለበት እንደ ብረት ዘንግ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሸሻል፤ ስለዚህ እርሱን ጸጥ ለማሰኘት አስቀድሞ ራስን ጸጥ ማሰኘት ያስፈልጋል። ጡንቻ ቶሎ ይበረታል፥ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው፤ ስለዚህ የሚቸኩል ትከሻውን ይጎዳል። ይህን ሁሉ እየተማርሁ ሳለ የሰፈሩ ልጆች በየቀኑ እየመጡ ይሰለፉ ነበር። እኔም ተራ አስያዥ፥ አሠልጣኝና የግቢው ጌታ ሆንሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማይለየኝ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። አባቱ የሞተበት፥ እናቱ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ የሚያሳድጉት፥ ሁላችን ማሙሽ የምንለው የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። እኔን «ጋሼ» ብሎ ሲጠራኝ በዓለም ያለ ሰው ሁሉ የሰማው ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ፤ በጋውም ጠና። አሁን አንባቢዬ ልብ ብለህ ስማ፤ በዚህ ጊዜ በአንድነት ሦስት ነገሮች ሆኑ። እርጥብ የነበረው ግንድ እየደረቀ ሲሄድ ጎኑ ቀጠነ፤ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥር፥ በጎኑ ግን ይሟሽሻልና። ግንዱ ሲቀጥን በላዩ የታሰረው ሽቦ ላላ። ጥቁሩም አፈር ሲደርቅ እንደ ልማዱ ተሰነጠቀና ከግንዱ ሸሸ። እንግዲህ ግንዱ ከአፈሩ፥ አፈሩም ከግንዱ ተለያዩ ማለት ነው። ከገና በፊት አንድ ቀን ጠዋት የግራውን ግንድ ብነካው ነቀነቀኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ በዙሪያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አየሁ።

ምን አደረግሁ መሰለህ? አንድ ሾጣጣ ድንጋይ ፈልጌ ክፍተቱ ውስጥ ቀረቀርሁ፤ ከዚያም ማንም እንዳያየው አፈር ነሰነስሁበት። ደግሞም ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ራሴ በቀለበቱ ላይ መወዛወዝ ተውሁ። ዝም ብዬ እንጠለጠላለሁ፥ ራሴን እስባለሁ እንጂ አልወነጨፍም። ለልጆቹ ግን ምንም አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው ሥራዬ ጉድለት እንዳለው ይታወቃልና።

በ1989 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን፥ የቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከበዓሉ ተመልሰው ወደ ግቢያችን ጎረፉ። ማሙሽ ተራው ሲደርስ ቀለበቱን ይዞ መወዛወዝ ጀመረ፤ ልጆቹም «ከፍ! ከፍ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ከአምስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። «ተው» የምትለው ቃል አፌ ላይ ነበረች። አልተናገርኋትም። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዙር የግራው ግንድ ወደ ፊት ተጋደመ፤ አግዳሚው ከሽቦው ሾለከ፤ ልጁም ከነቀለበቱ መጥቶ በግራ ክንዱ ላይ ወደቀ። የተሰበረው አጥንት ድምፅ የደረቀ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ያ ድምፅ ከአንድ ክንድ ጉድጓድ የወጣ ድምፅ ነው።

በጀርባዬ ተሸክሜው ወደ ሕክምና ሮጥሁ። እናቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደርሰው፥ «ምን አገኘው? ምን ሆነብኝ?» ሲሉ አፌ ለመዋሸት አንዲት ቅጽበት እንኳ አልዘገየም። «አትወዛወዝ ብዬው ነበር፤ እንቢ ብሎኝ ነው» አልሁ። እርሳቸውም ልጁን በእንባና በቁጣ ተመለከቱት። ልጁ በሕመም ፊቱ ነጥቶ ስለ ነበር መልስ አልሰጠም። ክንዱ በጀሶ ታሰረ።

ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አረጋዊ አናጺ ከወደቀው ግንድ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፥ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ጣታቸውን በጉድጓዱ ጠርዝ አገቡ፤ የቀረቀርሁትን ድንጋይ አወጡና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ይህ ግንድ ዛሬ አልወደቀም። ዛሬ የወደቀው ልጁ ነው» አሉኝ።

መልስ አጣሁ።

«ይህችን ድንጋይ ያስገባ ሰው ግንዱ መውደቁን ያውቅ ነበር» ብለው ድንጋይዋን መሬት አስቀመጡና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። አልተቆጡኝም፤ ለማንም አልተናገሩብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣን በቁጣ መመለስ ይቻላልና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ዘንድ እስኪጠራ ስምንት ቀን ፈጀ። በስምንተኛው ቀን ማሙሽን ልጠይቅ ሄድሁ። ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ በር ላይ ተቀምጧል። ገና ሳልቀመጥ፥ «ጋሼ፥ ጥፋቱ የኔ ነው። አትወዛወዝ ብለኸኝ ነበር፤ ረስቼው ነው» አለኝ።

ወጣት አንባቢዬ፥ እባክህ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። እኔ ይህን ልጅ «አትወዛወዝ» ብዬው አላውቅም። እናቱ ደጋግመው ስለ ነገሩት፥ እኔንም ስለሚያምነኝ፥ ያልተነገረውን ምክር እንደ ተነገረው አድርጎ ማስታወስ ጀምሯል። ግንዱ ክንዱን ሰበረ፤ ውሸቴ ግን ከዚያ ጠልቆ ገብቶ ልጁ በገዛ ሕሊናው እንዲከሰስ አደረገው። አጥንት በጀሶ ይጠገናል፤ በሐሰት የተከሰሰ ሕሊና ግን የከሰሰው ሰው ካልመጣ በቀር ማን ይጠግነዋል?

እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር። ገብቼ ቆምሁና ሁሉን ነገርኋቸው፤ ጉድጓዱን፥ ድንጋዩን፥ አፈሩን፥ እኔ ራሴ መወዛወዝ መተዌንም አልደበቅሁም። ጀበናውን ከእሳቱ አወረዱ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ልጄን ስምንት ቀን ሙሉ ስወቅሰው ሰነበትሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ እትዬ።»

«ይህን ለእኔ አትንገረኝ። ለእርሱ ንገረው።»

ወጥቼ ለልጁ ነገርሁት። ማሙሽ ዐይኑን ተክሎ ሰማኝና፥ «ታዲያ እኔ አላጠፋሁም?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላጠፋህም» አልሁት። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ነገር ግን ትከሻው ዝቅ ሲል፥ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሲተነፍስ አየሁት። ጋሼ ብሎም አልጠራኝም። ይህም የሚገባኝ ነበር።

አያቴ ግንዶቹን ለማገዶ እንድፈልጣቸው አዘዙኝ። አረጋዊው አናጺ ግን ለመኑልኝ። «እንጨቱን ቢያቃጥል የሚያስታውሰው እሳቱን ነው። መልሶ ያቁም፤ እኔ አሳየዋለሁ» አሉ። እንዲህም ሆኖ ሁለተኛው ሥራ ተጀመረ።

በመጀመሪያ ያሳዩኝ መጠበቅን ነው። በየካቲት አራት ወፍራም ግንዶችና አንድ አግዳሚ ገዛን፤ ቅርፊታቸውን ላጥን፤ ከመሬት ከፍ አድርገን በጥላ ደረደርናቸው፤ እስከ ግንቦት ድረስም ማንም አልነካቸውም። እኔ በየሳምንቱ «አሁንስ አልደረቁም?» ስላቸው፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንተም አንድ ጊዜ ለቅመሃል» ይሉኝ ነበር። በግንቦት መሬቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በዶማና በዲጂኖ አራት ጉድጓድ፥ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ክንድ አድርጌ እንድቆፍር አዘዙኝ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ እጄም ተላጠ። እርሳቸው በየማታው በመለኪያ ዘንጋቸው ጥልቀቱን እየለኩ፥ አራት ጣት የጎደለ ቢሆን እንኳ መልሰው ያስቆፍሩኛል።

ሁለተኛ ያሳዩኝ ቅርጹን ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ ሁለት ግንድ ብቻ ስለ ነበረው ግራና ቀኝ ቢቆምም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደጋፊ አልነበረውም። በቀለበት የሚወዛወዝ ሰው የሚጎትተው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በየጎኑ ሁለት ሁለት ግንድ እግራቸውን አራርቀን፥ ራሳቸውን አገናኝተን አቆምን፤ በመካከላቸውም አገናኝ እንጨት አደረግን። አግዳሚውን በማጋጠሚያቸው ላይ አጋደምነው፤ ቁመቱም ሦስት ሜትር ያህል ሆነ።

ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። በሽቦና በሚስማር ፈንታ ግንዱን በመሰርሰሪያ ወግተን በብሎን አሰርነው፤ ብረቱ እንጨቱን እንዳይበላው ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ አስገባን። «ሽቦ ከላላ ላላ ነው። ብሎን ግን እንጨቱ ሲቀጥን መልሰህ ታጠብቀዋለህ» አሉኝ። የግንዶቹን እግር ከምስጥና ከእርጥበት ለመጠበቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባነው። ጉድጓዱንም የምሞላው በጥቁሩ አፈር ሳይሆን በድንጋይና በጠጠር ሆነ፤ ጠጠር ውሃ ሲጠጣ አያብጥም፥ ሲደርቅም አይሸሽምና። አንድ ስንዝር በሞላሁ ቁጥር በግንድ እየወቀጥሁ ደለደልሁት። ከቀለበቱም ሥር ከእርሳቸው የእንጨት ሥራ ቤት ያመጣነውን ሰጋቱራ ወፍራም አድርገን አነጠፍን።

በዚያ ዓመት በትምህርት ቤት ፊዚክስ ስንማር አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ገመዱ የሚሸከመው የሰውየውን ክብደት ብቻ ነው። ነገር ግን ገመዱ እስኪጋደም ድረስ ከፍ ብሎ ወደ ታች የተወነጨፈ አካል በታችኛው ቦታ ሲያልፍ ገመዱን የሚጎትተው በክብደቱ ሦስት እጥፍ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ 60 ኪሎ ነበርሁ፤ ሦስት እጥፉ 180 ይሆናል። ይህን ለአረጋዊው ስነግራቸው፥ «እንግዲያው መቶ ሰማንያ እንስቀልበት» አሉ። አራት ጆንያ አፈር ሞላን፤ በወፍጮ ቤት ሚዛን እያንዳንዱን 45 ኪሎ አድርገን መዘንን፤ አራቱንም በአግዳሚው ላይ ሰቅለን አሳደርን። የአግዳሚውን ከፍታ በዘንግ ላይ ምልክት አድርገን ይዘን ነበር፤ በማግሥቱ ብንለካው አንዲት ጣት እንኳ አልወረደም። ከዚያም አራት ጎልማሶች ገመድ አስረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎተቱት። እግሮቹ አልተነቃነቁም።

የማሙሽ እናት በር ላይ ቆመው ሁሉን ያዩ ነበር። ሰዎቹ ገመዱን ሲጥሉ ወደ እኔ ተመልክተው፥ «አንተ ቅደም» አሉኝ። ወጣሁና ተወዛወዝሁ፤ እስከምችለው ድረስ ከፍ ብዬ ተወዛወዝሁ። ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ገቡ።

ማሙሽ ግን በዚያ ቀን አልተንጠለጠለም፤ በዚያ ወርም፥ በዚያ ክረምትም አልተንጠለጠለም። ክንዱ ከዳነ ቆይቷል፤ እየመጣ በግንብ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል እንጂ አይቀርብም። እኔም አልጠራሁትም። በመስከረም 1990 ዓ.ም. ዝናሙ ሲያባራ፥ አረጋዊው እንዳዘዙኝ ብሎኖቹን ሁሉ በየተራ እያጠበቅሁ ሳለ መጣ። ቀለበቱን አልነካም። በመጀመሪያ ወደ አንደኛው እግር ሄደና በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ወደ ሁለተኛው ሄደ፥ ነቀነቀው። ሦስተኛውንና አራተኛውንም እንዲሁ። ጎንበስ ብሎ በእያንዳንዱ ሥር ጠጠሩን በጣቱ ጫረ። ከዚያም ቀና ብሎ አየኝ።

«ልያዝ ወይ፥ ጋሼ?»

«ያዝ» አልሁት።

ያ ልጅ ፊት ለፊቴ ሥራዬን ሲነቀንቅ ስድብ መስሎ አልተሰማኝም። እንዲያውም ከዚያ በፊት ቀለበቶቼን ካደነቁልኝ ሁሉ ይልቅ ያከበረኝ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም የሚታየውን ትቶ የማይታየውን መረመረልኝ።

ያ መሣሪያ ብዙ ዓመት አገለገለ። በ1997 ዓ.ም. ሁለቱ እግሮች ስለ በሰበሱ በሌላ ለወጥናቸው፤ ማንም ሳይወድቅ ለወጥናቸው፤ ምክንያቱም በየዓመቱ መስከረም እየቆፈርን እናያቸው ነበር። አረጋዊው አናጺ ከዚያ በፊት ዐርፈዋል። ዛሬ በዚያ ግቢ ላይ ሌላ ቤት ተሠርቶበታል፤ ማሙሽም የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። እኔ እንደ ኬኪ ክንዶቼን ዘርግቼ በአየር ላይ ለመቆም አልታደልሁም፤ ብዙ ሞክሬ ከግማሹ አላለፍሁም። ይህ ግን አያሳዝነኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የማይታየውን ክፍል የምንሠራው ለማን ነው? የምንሠራው በላዩ ለሚንጠለጠለው ሰው ነው። እርሱ ጉድጓዱን አላየም፤ ያየው አንተን ነው፤ አንተንም አምኖ እጁን ዘረጋ። ዛሬ ተማሪ ብትሆን ነገ ድልድይ ትሠራ ይሆናል፥ መድኃኒት ትቀምም ይሆናል፥ ልጅ ታስተምር ይሆናል፥ የሰው ገንዘብ ትጽፍ ይሆናል። በሁሉም ዘንድ አንድ አንድ ክንድ የሚቀበር ነገር አለ። «ማን ያየዋል?» የምትል ቃል ከአፍህ ስትወጣ ከሰማህ ዶማህን አትጣል፤ ገና አልጨረስህም።

ጉድለቱን ሠርተህ ከጨረስህ በኋላ ብታገኘውስ? ይህ በማንም ይደርሳል፤ የሚያሳፍርም አይደለም። የሚያሳፍረው ድንጋይ ቀርቅሮ አፈር መነስነስ ነው። እኔ በዚያ የታኅሣሥ ጠዋት ቀለበቶቹን አውርጄ፥ «ልጆች፥ ግንዱ ስለ ላላ እስካበጀው ድረስ አትንኩት» ብል ኖሮ ምን እጎዳ ነበር? ለአንድ ሳምንት ያህል ይስቁብኝ ነበር። የልጁ ክንድ ከአንድ ሳምንት ሳቅ ይበልጥ ነበር፤ እኔ ግን በሚዛን ሳላስቀምጠው ቀረሁ።

እንግዲህ ወዳጄ፥ የምትሠራውን ሁሉ አስቀድመህ ራስህ ተንጠልጠልበት፤ አንተ የማትወዛወዝበትን ለሌላ ሰው አትስጥ። ሰው መጥቶ ሥራህን ቢነቀንቅብህም አትቆጣው፤ ፈቀቅ ብለህ ቦታ ልቀቅለት፥ አራቱንም እግር ይነቅንቅ።